ያላፈረው ምስክር

መቶ አለቃ ሙሐዲን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተጠራው እንዲመረምር ሳይሆን እንዲፈርም ነበር። ሟቹ ማዘጋጃ ቤት ባዘዛቸው ቆፋሪዎች ተቀብሯል፤ ገዳይ የተባለችው ሴት ዕቃ ቤት ተቆልፎባታል፤ የጎደለው የአንድ የፖሊስ መርማሪ ፊርማ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እዚህ ደግሞ ውሻው ጮኸ እንዲባል እንጂ ጅቡን እንዲያባርር የፈለገ ሰው አልነበረም።

«ጊዜህን አንፈጅም፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን እየገፋለት። «ሟቹ ገበየሁ የታሪክ መምህር ነው። ቤቱ ውስጥ ድብቅ የሃይማኖት ስብሰባ ሲያካሂድ ተደርሶበት በቁም እስር ነበር። ጎረቤቱ ሱዓድ ገብታ በበርጩማ ራሱን ፈነከተችው። ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

ወዴት እንደሚወስዳት አልተናገረም። በ1971 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሞኝ አልነበረም። በዚያ መኪና ለሄደ ሰው ስንቅ ይዞ የሚመላለስ ዘመድ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባልና ይመለሳል፤ በቃ፣ መርዶው እሱ ነው።

ሙሐዲን ደዶ ተወልዶ ጅማ ያደገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት ይችልበታል፤ በዚያ ዘመን ዝም የሚል ፖሊስ ከሚጮኸው ይበልጥ ያስፈራ ነበር። ከሁለቱ ጥበቃዎች የአንዱን፣ የቲጃኒን ቃል አነበበ። «በር ላይ ተኝተን ሳለን ሱዓድ ገብታ ገደለችው» ይላል።

«ተኝተው ነበር?»

«አዎ። ተግሣጽ ተሰጥቷቸዋል።»

«ተኝተው ከነበር ማን እንደገባ በምን አወቁ?»

ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ዘለለው። «ሻሿ ሬሳው ፊት ላይ ተገኝቷል እኮ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

«ከሰዓት ስብሰባ አላችሁ አይደል? እዚያው እፈርማለሁ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊቀመንበሩ አልወደደውም፤ ግን ፊርማው ያስፈልገዋል።

የገበየሁ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ከሱዓድ ቤት የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ወዲህ ያስነጠሰ ሰው ወዲያ «ይማርህ» ይባላል። መሬቱ ላይ አንድ የጅማ በርጩማ በጎኑ ተጋድሟል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። ሙሐዲን ግን ዓይኑን የጣለው በሁለተኛው በርጩማ ላይ ነበር። አልወደቀም። ከአልጋው አጠገብ፣ ጉልበት ለጉልበት በሚያነካካ ርቀት ቆሟል። ሟቹ ከሰው ጋር ተቀምጦ ሲያወራ ነበር። ሙሐዲን የጅማን እናቶች ያውቃል፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ወንደላጤ ቤት ገብታ እንዲህ ተጠግታ አትቀመጥም። ጉዳይ ቢኖራት ከደጅ ቆማ ነው የምትናገረው።

ቲጃኒን ከግቢው በር ላይ አገኘው። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ጠመንጃው ከቁመቱ የሚረዝም የሚመስል ልጅ ነው።

«ቲጃኒ፣ አልተኛህም ነበር።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። ሙሐዲን ጠበቀው።

«በርጫ ላይ ነበርን» አለ በመጨረሻ። «መሐሙድ ቤት። ጫቱ ጥሩ ነበር... ከምሳ በኋላ ሁለታችንም ሄድን፤ ስንመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። ሊቀመንበሩ ‹ጥበቃ ጥሎ መሄድ ያስረሽናል፣ ተኛሁ በል፣ ለእንቅልፉ እኔ አለሁ› አለኝ። ወላሂ፣ እሷ ስትገባም ስትወጣም አላየሁም። አደ ሱዓድ እኮ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ናት።»

«ታዲያ ስሟን እንዴት ጠራህ?»

«አሉኝ፣ አልኩ» አለና በጠመንጃው ማንገቻ ዓይኑን ጠረገ።

ዕቃ ቤቱ ባዶ የቡና ጆንያ የሞላበት ነው። ሱዓድ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሻሿ ለማስረጃ ስለተወሰደባት አንዱን ጆንያ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። ሙሐዲን እንደ አገሩ ልማድ በኦሮምኛ ሰላም ብሏት በአማርኛ ቀጠለ።

«አደ ሱዓድ፣ ገድለውታል?»

«አልገደልኩም፣ ልጄ። ንጹሕ ነኝ ግን አልልህም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከሰዓት፣ የአስር ሶላት አዛን ካለ በኋላ ነው። ገበየሁ ቤት ሰው ነበረ። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ ያን ሰው በድምፁ አልለየሁትም። ከዚያ ጭቅጭቅ መጣ። ገበየሁ ጮኸ። አምላኩን ጠራ።»

«ምን ብሎ?»

«‹አብ› ብሎ። እነሱ ክርስቲያኖቹ አብ የሚሉት የለም? ‹አብ፣ ተው!› አለ። ሁለቴ። እንዴት ሰው ጌታውን ተው ይለዋል ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው የወደቀ ነገር ሰማሁ።»

«ከዚያስ? ምን አደረጉ?»

«ምንም። ኤዬ፣ ምንም። በሬን ቀረቀርኩ።» ድምፅዋ ወረደ። «በወባ የወደቅኩ ጊዜ ያ ልጅ ነው በትከሻው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ። ሲጣራ ግን ቀረቀርኩበት። ጸጥ ሲል ወጣሁ፣ ገባሁ፤ አልቆለታል። ፊቱ እንዲያ ሆኖ ሰው እንዳያየው ሻሼን ጣልኩበት። ከዚያ ራሴን ሳልሸፍን በሰፈሩ መሃል ሮጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ባል የሌላት ሴት ወንደላጤ ቤት ምን ልትሠራ ገባች ይሉኛል ብዬ። የእሱ ደም ፈስሶ እኔ ለስሜ ፈራሁ።»

ሙሐዲን ይህን ሲሰማ ቆይቶ ወጣ። ራሷን ማዳን የምትፈልግ ሴት ከዚህ የተሻለ ነገር መፍጠር አያቅታትም ነበር። «ሲጮህ ደረስኩለት፣ ገዳዩ ሲሸሽ አየሁት» ብትል ማን ያስተባብላታል?

የሟቹ እጮኛ ቆንጂት ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት። ጥቁር አልለበሰችም። ሙሐዲን ልብሷን ሲያይ አየችውና አንገቷን ደፋች።

«ያ ድብቅ ስብሰባ ምንድን ነበር፣ እኅቴ?»

«አራት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ የመጋዘን ጸሐፊው ዓምደሚካኤል፣ የሒሳብ መምህሩ አብተው፣ ገበየሁ ራሱ። ክርስቶስ ከሞት ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም እያልን እንሟገት ነበር።»

«ስብከት ነዋ።»

«እሱስ ታሪክ ነው ይል ነበር። ‹መጽሐፍ ስላለ እመኑ› አይለንም። እንደ ችሎት ነው፤ እኛ እንከሳለን፣ እሱ ይሟገታል። ‹ሬሳው ተሰርቆ ቢሆንስ?› እንለዋለን። ‹ጠላቶቹ ተሰረቀ ካሉ፣ መቃብሩ ባዶ እንደነበር እነሱም አምነዋል ማለት ነው› ይለናል። ‹ጠባቂዎቹ ተኝተን ሳለን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት ብለዋል እኮ› ስንለው ደግሞ ይስቃል...»

«የተኛ ሰው ሌባውን በምን ለየው ብሎ?»

ቆንጂት ቀና አለች። «እርስዎም ያውቁታል?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ቀጥይ።»

«አጥብቆ የሚይዘው ግን ኀፍረቱን ነበር። ባዶውን መቃብር መጀመሪያ ያዩት ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ የሴት ምስክርነት ችሎት ፊት ከቁጥር አይገባም። ‹ታሪክ የሚፈጥር ሰው የማይታመን ምስክር ለምን ይመርጣል?› ይለናል። ወንዶቹ ሸሽተዋል፤ አለቃቸው ‹አላውቀውም› ብሎ ክዷል። ይህን ጉድ የነገሩን ጠላቶቻቸው አይደሉም፣ ራሳቸው ናቸው። ‹ሰው ራሱን ሊያስከብር ይዋሻል፤ ራሱን ሊያዋርድ የሚዋሽ አላየሁም› ይል ነበር። በዚያ ቃላቸው ደግሞ ሹመት አላገኙበትም፤ ተገደሉበት እንጂ።»

ሙሐዲን ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዞረ። «እኔ ሙስሊም ነኝ። በእኛ ዘንድ ነቢዩ ዒሳ አልተሰቀለም፤ በዚህ ከእጮኛሽ ጋር አንስማማም። ምስክር መመዘን ግን ያውቅበት ነበር» አለ። «ሲጸልይ አምላኩን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው?»

«‹ጌታዬ› ብሎ።»

«‹አብ› ብሎ አይጣራም?»

«‹በስመ አብ› እንላለን እንጂ ‹አብ!› ብሎ የሚጣራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ ሳትጠየቅ፣ «የቁም እስር ሲፈረድበት ቀለበቱን በሰው መለስኩለት» አለች። «ከሥራ እንዳያስወጡኝ። እንዲህ ነኝ እኔ።»

ዓምደሚካኤልም ከእሷ አልተሻለም። ቡና መጋዘኑ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ እያለ ነበር የተናገረው። «ገበየሁ የተፈረደበት የቀበሌው ስብሰባ ላይ አስነሥተው ‹ታውቀዋለህ?› አሉኝ። ‹መንገድ ላይ ለሰላምታ ያህል› አልኩ። ገበየሁ ከፊት ተቀምጧል፤ ዞሮ አየኝ። ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ፈገግ አለልኝ።»

«የተከራከረለት ሰው አልነበረም?»

«ማን ደፍሮ?»

አራተኛው የሒሳብ መምህሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥም ሰፈር ውስጥም ሰው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚለው። ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው፤ መርማሪውን ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ስብሰባው ላይ ‹ተሳስታችኋል› ብዬ የተነሣሁ እኔ ብቻ ነኝ። በሞተበት ቀንም ለአስር ሶላት አዛን ሲባል ምግብ ቋጥሬለት ሄድኩ። ሁለቱ ጥበቃዎች ጠመንጃ ደግነው ‹አይገባም› አሉኝ። ‹ከፈለጋችሁ ግደሉኝ› አልኳቸው። ገፍትረው መለሱኝ።»

«የሚቆጭዎት ነገር አለ?»

«ያቅሜን አድርጌያለሁ። ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።»

ሙሐዲን አመስግኖት ወጣ። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሳምንት፣ ንጹሕ ሕሊና ያለው ሰው ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀምጧል፤ ቆንጂት፣ ዓምደሚካኤልና የሒሳብ መምህሩ ተጠርተው በአንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። ሱዓድን ጆንያዋን እንደደረበች አምጥተው ግድግዳ ሥር አቆሟት። አጠገቧ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቿ እንኳ ፈንጠር ብለዋል።

«ከመፈረሜ በፊት የሰማሁትን ልናገር» አለ ሙሐዲን። «ቲጃኒ፣ ተነሥ። በዚያን ቀን ከሰዓት የት ነበርክ?»

ቲጃኒ ሊቀመንበሩን አየ፣ ሱዓድን አየ። «በርጫ ላይ» አለ። «ሁለታችንም። በሩ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። ተኛን ያልነው... እንድንል ተነግሮን ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፤ ማን ነገረህ ብሎ ግን አልጠየቀም።

«ስለዚህ ሱዓድን ያየ ምስክር የለም» አለ ሙሐዲን። «የቀረው ሻሹ ነው። ገዳይ የገደለውን ሰው በገዛ ሻሹ ሸፍኖ፣ ራሱን ገልጦ በሰፈር መሃል አይሮጥም። ደግሞም ሟቹ ከእንግዳው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጠግቶ ተቀምጧል። የሚያምነው ወዳጁ ነው። ለመሆኑ ሟቹ የሚያስተምረውን ታውቃላችሁ? የሚያዋርደውን የሚናገር ምስክር ይታመናል የሚል ነበር። እኔም በእሱው ሚዛን መዘንኳችሁ። ቆንጂት ቀለበት መመለሷን ነገረችኝ። ዓምደሚካኤል መካዱን ነገረኝ። ቲጃኒ ጥሎ መሄዱን። አደ ሱዓድ በሯን መቀርቀሯን። አራት ሰዎች አፈሩ። አንድ ሰው ብቻ አላፈረም።»

የሒሳብ መምህሩ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። «አለማፈር ወንጀል ነው?» አለ።

«አይደለም፣ ቲቸር። ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የራስዎ ቃል ነው። ለአስር ሶላት አዛን ሲባል ሁለት ጥበቃዎች ጠመንጃ ደግነው መለሱኝ ብለዋል። ጥበቃዎቹ ግን መሐሙድ ቤት ጫት ላይ ነበሩ። የገፈተረዎት ማነው?»

የሒሳብ መምህሩ የተነባበረ እግሩን አወረደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል» አለ። «ደግሞ በዚህ ብቻ...»

«ሌላም አለ። አደ ሱዓድ፣ ገበየሁ ምን ብሎ ነበር የጮኸው?»

«‹አብ፣ ተው› ብሎ» አለች ሱዓድ።

«ጓድ መቶ አለቃ!» አለ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መትቶ። «የአንዲት ሴት ወሬ ይዘህ፣ ያውም የተከሳሿን...»

«የሴት ወሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሴትዮዋ ስለ ክርስቲያን ጸሎት አታውቅም፤ የሰማችውን፣ ባይገባትም፣ ሳትለውጥ ነው የተሸከመችልን። ልትዋሽ ብትፈልግ የሚጠቅማትን ትል ነበር። አምላክን ‹ተው› ማለት ምን ይጠቅማታል? ቆንጂትን ጠይቄ ነበር፤ ገበየሁ ሲጸልይ ‹ጌታዬ› ነው የሚለው። ስለዚህ እየጸለየ አልነበረም።» ወደ ሱዓድ ዞረ። «እኒህን ሰው ያውቋቸዋል?»

«ቲቸር ናቸዋ። እዚያ ቤት ይመጡ ነበር።»

«ስማቸውስ ማን ነው?»

ሱዓድ አሰበች። «እንጃ። ቲቸር ነው የምንላቸው።»

«ቆንጂት፣ አንቺ ንገሪያት።»

ቆንጂት አፏን ስትከፍት ነው የገባት። ዞራ የሒሳብ መምህሩን አየችው። ከአጠገቧ ዓምደሚካኤል በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «አብተው» አለ።

ሱዓድ ጆንያውን ይዛ ቀረች። «እሱ ነው» አለች። «ያ ረቢ፣ እሱ ነው። አምላኩን መስሎኝ።»

የሒሳብ መምህሩ ተነሣ፤ ሊሸሽ አልነበረም። የተነሣበትን የረሳ ይመስል ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ሳይሆን፣ ሰው መኖሩን ረስቶ ተናገረ።

«የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው፤ እነሱ ቀድመው ከሚይዙኝ ብዬ። ስብሰባው ላይ እኛ አራታችን ብቻ የምናውቀውን ሲያነቡበት ገባው። በዚያን ቀን ስሄድ በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ። ‹አውቄያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ› አለኝ። ቢሰድበኝ እኮ... ‹ይቅርታው የእኔ ነው፤ ለእነ ቆንጂት ግን ራስህ ንገራቸው፤ ከደቀ መዛሙርቱ የካደውም ራሱ ተናግሮ ነው የዳነው› አለኝ። እኔ አልችልም አልኩት። ደግሞ ደጋግሞ ለመነኝ። ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። በርጩማውን ማንሣቴን አላስታውስም። ስሜን ሲጠራ ግን ሰምቻለሁ። ‹ተው› የሚለው ስሜ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን አልተውኩም።» ወደ ሱዓድ ዞረ፤ ሊያያት ግን አልቻለም። «እርስዎ ሲታሰሩ ጊዜ ተመስገን አልኩ» አለ።

«አሁን አመንኩዎት» አለ ሙሐዲን። «ከሰጡኝ ቃል ሁሉ የማምነው ይህን ነው።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሙሐዲን የታጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሳይፈርም ለሊቀመንበሩ መለሰለትና ሱዓድን «ነጻ ነዎት» አላት።

ማንም «እንኳን ደስ አለሽ» አላላትም። የነጻችው እሷ ሆና አዳራሹ በሙሉ የተፈረደበት ይመስል ነበር። ከጎረቤቶቿ አንዷ መንገድ ለመልቀቅ ዞር ስትል ዓይኗን ከዓይኗ ሸሸገች። ሱዓድ እስከ አግዳሚው ድረስ መጣችና ቆንጂት ፊት ቆመች።

«የገበየሁን ለቅሶ የት ነው የተቀመጣችሁት?»

ቆንጂት መዳፏን ፊቷ ላይ አደረገች።

«አልተቀመጥንም» አለ ዓምደሚካኤል።

«ቀብሩ ላይስ ማን ነበር?»

ሊቀመንበሩ ለፀረ አብዮተኛ ለቅሶ ክልክል መሆኑን ሊያስታውስ ብድግ አለ፤ አዳራሹን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እኔ ቤት ይሁን» አለች ሱዓድ። «ምንጣፍ አለኝ። ለቅሶው እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እናንተ ታሳዩኛላችሁ።»

ወጣች። ቆንጂት ተነሥታ ተከተለቻት። ከኋላ ሁለት ሽማግሌ ሴቶች፣ ከዚያ የቲጃኒ እናት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። ወንዶቹ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተነሡ።